ከማድረቂያው ጀርባ ያለው ቱቦ፦ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴት ይያዛል

ልብስ ማድረቂያ የሚያሞቅ ማሽን ይመስለናል። ሥራዬ እነዚህን ማሽኖች መጠገን ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ሥራው አየር ማንቀሳቀስ ነው። ሙቀቱ ውሃውን ከልብሱ ያላቅቀዋል፤ ከቤት ይዞት የሚወጣው ግን አየሩ ነው። አየሩ መውጫ ካጣ እርጥበቱ እዚያው ይሽከረከራል፣ ሙቀቱም እዚያው ይከማቻል። አብዛኛው የማድረቂያ ችግር ከዚህ ይነሳል።

ደንበኛ ሲደውልልኝ ግን ስለ አየር የሚያነሳ የለም። "ማሞቂያው ተቃጥሏል መሰለኝ" ወይም "ማሽኑ አርጅቷል" ነው የሚባለው። አንዲት እናት ጠርተውኝ ሄድኩ። "ልጄ፣ ሁለቴ ካላዞርኩት ፎጣ አያደርቅልኝም። ልጆቹ አዲስ እንግዛልሽ እያሉኝ ነው" አሉኝ። ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ቱቦውን ፈታሁት። ግራጫ ብናኝ ተጠቅጥቆበታል። ለአየር የቀረው ክፍተት ሁለት ጣት አያስገባም። "እማማ፣ ማሽኑስ ደህና ነው፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው" አልኳቸው። ጠርገን መልሰን ስንገጥመው ፎጣው በአንድ ዙር ደረቀ። አዲስ ገዝተው ቢሆን ኖሮ አዲሱም እዚያው የታፈነ ቱቦ ላይ ይገጠምና ያንኑ ያደርግ ነበር።

ልብስ በማይደርቅበት ጊዜ መጀመሪያ የሚባክነው ጊዜና መብራት ነው። የከፋው ግን እሳቱ ነው። ብናኙ ከልብስ የረገፈ ቃጫ ነው፤ ብዙው ጥጥ ነው። ደርቆና ተፍታቶ ሲቀመጥ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። ሽርሽር የሚወጡ ሰዎች እሳት ማቀጣጠያ ብለው የሚያጠራቅሙት በከንቱ አይደለም። አየሩ ሲዳከም ብናኙ ቱቦው ውስጥ ብቻ አይቀርም። ወደ ማሽኑ ሆድ ይመለስና ማሞቂያው አካባቢ ይጋገራል። እዚያ አንዱ ቁራጭ ከጋለ ነፋሹ ፍሙን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ቱቦው ውስጥ ደግሞ ማገዶው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ ሰብስቦ ነበር። በዚያች አገር በየዓመቱ 2,900 ያህል የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ ይነሳ እንደነበር አስታውቋል። ከምክንያቶቹ ቀዳሚው አለማጽዳት ነው፤ 34 በመቶ። ማለትም ከሦስቱ አንዱን ብሩሽ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

መታፈኑ በምን ይታወቃል

ዋናው ምልክት ጊዜ ነው። ድሮ በአንድ ዙር ይደርቅ የነበረ ልብስ እርጥብ ሆኖ መውጣት ከጀመረ አየሩን ጠርጥሩ። ጂንስና ፎጣ ቀድመው ያሳብቃሉ።

ሁለተኛው ምልክት ብዙ ሰው ያደናግራል፦ ልብሱ በጣም ግሎ ይወጣል፣ ግን እርጥብ ነው። "ሞቋል እኮ፣ ለምን አይደርቅም?" ይሉኛል። እርጥበቱ የት ይሂድ? መንገዱ ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ የማሽኑን ላይኛ ገጽ ብትዳስሱት ከወትሮው ይልቅ ያቃጥላል። ክፍሉ ይታፈናል፣ መስኮቱ ያልበዋል፣ ከማሽኑ ጀርባ ወለሉ ላይ ብናኝ ይታያል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ግን ምልክት መቁጠሩን ትታችሁ ወዲያው አጥፉት። ሳይጸዳም አታስነሱት።

በጣም ቀላሉ ምርመራ ካቻቢቴ እንኳ አይፈልግም። ማሽኑን አስነሱና ወደ ውጪ ውጡ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቱቦውን አፍ ፈልጉት። ክዳኑ በአየሩ ግፊት ተከፍቶ መቆየት አለበት። እጃችሁን ስታስጠጉ ሞቅ ያለና ጠንካራ ነፋስ ሊሰማችሁ ይገባል። ክዳኑ ከንፈሩን ብቻ ገርበብ አድርጎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ጭራሽ ካልተከፈተ መልሱን አገኛችሁ። ብዙ ሰው ይሄ አፍ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ዛሬውኑ ፈልጉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ማሽኑ እየዞረ ጭራሽ ሙቀት ካጣ ብዙ ጊዜ የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሎ ነው። ፊውዙ የተቀመጠው ማሽኑ ከልክ በላይ ሲግል ሙቀቱን እንዲያቋርጥ ነው። ተቃጠለ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ቱቦውን ሳይጠርጉ ፊውዝ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም ይከተለዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ነው። እንዲህ ተደርጎ የተረከብኩት ማሽን አለ። ማን እንደሠራው ልተወው፤ ግን ሽቦ የሚያገናኝላችሁን ሰው ዳግም ቤታችሁ አታስገቡ።

መጀመሪያ የማሽናችሁን ዓይነት ለዩ

ሁሉም ማድረቂያ ወደ ውጪ የሚወጣ ቱቦ የለውም። በሂት ፓምፕና በኮንዴንሰር የሚሠሩት አየሩን እዚያው እያዞሩ ውሃውን በማጠራቀሚያ ይይዙታል ወይም ወደ ፍሳሽ ይለቁታል። እነዚህ የሚፈልጉት ሌላ ነው፦ ፊልተሮቻቸውን ማጠብ፣ እርጥበቱን አቀዝቅዞ ውሃ የሚያደርገውን ክፍል፣ ኮንዴንሰሩን፣ መመሪያው በሚለው መሠረት ማጽዳት፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን መድፋት። ከዚህ በታች ያለው ብዙው ጉዳይ እነሱን አይመለከትም።

ቱቦ ካላቸው ውስጥ በመብራት የሚሠራ አለ፣ በጋዝ የሚሠራ አለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጋዙ ማሽን በዚያው ቱቦ የቃጠሎውን ጭስ ጭምር ያስወጣል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ስለዚህ የጋዝ ማድረቂያ ቱቦ ሲታፈን ወይም ከቦታው ሲወልቅ ጉዳዩ የልብስ መድረቅ አለመድረቅ አይደለም። የጋዝ ማድረቂያ ያለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሊኖረው ይገባል።

የጋዙን መስመር ደግሞ እናንተ አትፍቱት። ወደ ማሽኑ የሚገባውን ቫልቭ ዝጉ፤ እጀታው ከጋዝ ቧንቧው ጋር መስቀለኛ ሲሆን ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ የጋዙ ተጣጣፊ ቧንቧ ሳይወጠር ማሽኑ የሚሳብ ከሆነ በጥንቃቄ ሳቡት። የማይበቃ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። በሥራው መሀል ጋዝ ከሸተታችሁ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኩ፣ ስልክም እዚያው ሳትደውሉ ውጡ። ወደ ጋዝ አቅራቢው ወይም ወደ እሳት አደጋ የምትደውሉት ውጪ ሆናችሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዕቃው ብዙ አይደለም። ረዥም ተጣጣፊ ዘንግ ያለው የቱቦ ብሩሽ ያስፈልጋችኋል። ዘንጎቹ እርስ በርስ በጥርስ እየተቀጣጠሉ ይረዝማሉ። የብሩሹ ራስ ስፋት ከቱቦው ጋር ይግጠም፤ የተለመደው የማድረቂያ ቱቦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ቫኪዩም፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባትሪ፣ ጓንት፣ የአፍንጫ ማስክ። ማስኩን አትናቁት። ብናኙ ሲነሳ ጉሮሮ ይይዛል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ደግሞ የአሉሚኒየም ቴፕ ትፈልጋላችሁ።

ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መሰኪያውን ከሶኬት ንቀሉ። ማድረቂያ ከባድ ኃይል የሚስብ ማሽን ነው። መሰኪያው ከጀርባ ሆኖ ካልተደረሰበት መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ማሽኑን ስባችሁ ንቀሉ። ማሽኑ እየሠራ ከነበረ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁት።

ስትስቡት ለሁለት ሁኑ። ከእግሩ ሥር አሮጌ ምንጣፍ ወይም ካርቶን አድርጉ፤ ወለሉ አይጫርም፣ እናንተም አትደክሙም። በአንዴ አትጎትቱት። ጥቂት ሳብ አድርጉና ከጀርባ በባትሪ እዩ። ቱቦው ምን ያህል እንደሚለቅ፣ ሽቦው የት እንደተያዘ እወቁ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስትገጥሙ ፎቶው ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ጠረጋው

ቱቦውን ከማሽኑ ጋር የሚያስረውን የብረት ቀለበት፣ ፋሸታውን፣ በካቻቢቴ ወይም በፒንሳ አላሉና ቱቦውን አውጡ። ግድግዳው በኩል ያለውንም እንደዚያው። አሁን በእጃችሁ ያለው ማሽኑን ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው አጭር ቱቦ ነው። ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ፕላስቲክ ከሆነ ወይም እንደ ወረቀት የሚሸበሸብ ስስ ፎይል ከሆነ ለማጽዳት አትድከሙ። ጣሉት። ፕላስቲኩ እሳት ሲነካው ራሱ ይነድዳል። ስሱ ፎይል ደግሞ ሽብሽቡ ሁሉ ብናኝ ይይዛል፣ በቀላሉም ይጨፈለቃል። በምትኩ ወፍራም የአሉሚኒየም ተጣጣፊ ቱቦ ግዙ። ከተቻለ ደግሞ ቀጥ ያለ የላሜራ ቱቦ ይሻላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን ቅየራ አድርጉ።

አጭሩ ቱቦ ደህና ከሆነ ውጪ ወስዳችሁ አራግፉት፣ በብሩሽ ጥረጉት። የማሽኑን የአየር መውጫ በቫኪዩም ሳቡ። እጃችሁ እስከሚደርስ ድረስ ብቻ፤ ውስጥ ያለውን ነፋሽ በዘንግ አትነካኩት።

አሁን ወደ ግድግዳው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፤ የዘንጉ አዟዟር። ዘንጎቹ በጥርስ የተቀጣጠሉ ናቸው። ወደ ቀኝ፣ በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሯቸው ይጠብቃሉ። ወደ ግራ ስታዞሯቸው ይፈታሉ። ብሩሹ ቱቦው መሀል ደርሶ ሳለ ከተፈታ የሚቀረው እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስታስገቡም ወደ ቀኝ፣ ስታወጡም ወደ ቀኝ። ስታወጡ ወደ ግራ ማዞር እጅ የለመደው ነገር ነው፤ ተጠንቀቁ። እኔ በየመጋጠሚያው ላይ ቴፕ ጠምጠም አደርጋለሁ። በድሪል የምታዞሩት ከሆነም አቅጣጫው ያው ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ይሁን። ድሪሉ በግራ ዙር ላይ እንዳልተቀመጠ ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ።

አንድ ዘንግ ያህል አስገቡ፣ ጥቂት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ውሰዱ፣ አውጡና የመጣውን ብናኝ በቫኪዩም ሳቡ። ከዚያ ሌላ ዘንግ ጨምሩ። በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው አትግፉት። ብናኙን ከፊታችሁ እየጠቀጠቃችሁ ትሄዱና መታጠፊያው ላይ ቡሽ ትሠራላችሁ። ዘንጉ አልሄድ ካለ አታስገድዱት። መልሱት፣ ያላላውን አውጡ፣ እንደገና ሞክሩ። መታጠፊያ ላይ ዘንጉ ጎበጥ ብሎ ቀስ እያለ ያልፋል። ድንገት ደንቀፍ አድርጎ የሚይዝ ነገር ካለ ምናልባት ወደ ውስጥ የዘለቀ ብሎን ነው። ያንን አስታውሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቱቦው ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ጥረጉ። የሚወርደው ወደ እናንተ ይውረድ፤ አፉ ሥር ከረጢት ወይም አሮጌ አንሶላ ዘርጉ። በአግድም ወደ ውጪ የሚወጣ ከሆነ ከውስጥ ከጨረሳችሁ በኋላ ከውጪው አፍም አንድ ጊዜ ጥረጉ። ውጪው ላይ ያለው የመጨረሻ ክንድ ያህል ርቀት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የቆሸሸው ነው።

እርጥብ ብናኝ ካገኛችሁ ሥራው ይከብዳል። ቱቦው ቀዝቃዛ ቦታ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ ኮርኒስና ጣሪያ መካከል፣ እርጥበቱ ወደ ውሃነት ይመለስና ብናኙን ከላሜራው ጋር ያጣብቀዋል። እርጥቡን መጥረግ ጭቃ መቀባት ነው። ቱቦውን እንደተፈታ ትታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ጥረጉ። በዘላቂነት ደግሞ በዚያ ቦታ የሚያልፈውን ቱቦ ከውጪ ሙቀት በሚያግድ ሽፋን (ኢንሱሌሽን) መጠቅለል ይረዳል።

የረገፈ ቅጠልን በኃይለኛ አየር ስለሚጠርገው ማሽን የሚጠይቁኝ አሉ። ቱቦው ውስጥ ሰክቶ በአንዴ "እፍ" ማድረግ። አጭርና ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ፣ ከብሩሽ በኋላ፣ የቀረውን ለማስወጣት ሊሠራ ይችላል። በታፈነ ቱቦ ላይ ግን አልወደውም። ግድግዳ ውስጥ የላላ መጋጠሚያ ካለ ይከፍተዋል። ብናኙም ወደ ውጪ መሄዱ ቀርቶ ግድግዳው መሀል ይበተናል። እዚያ ደግሞ ማንም አያየውም።

ስትጨርሱ ባትሪ አብርታችሁ፣ ወይም የስልክ ካሜራ አስጠግታችሁ ውስጡን እዩ። የብረቱ ገጽታ መታየት አለበት።

የውጪው አፍ

ክዳኑን በጣት ከፍ ዝቅ አድርጉት። በራሱ ክብደት መዘጋት፣ በቀላሉም መከፈት አለበት። ማጠፊያው ላይ የተጠራቀመውን በጥርስ ብሩሽ አስለቅቁ። ቀለም ሲቀባ አብሮ የተቀባና የተጣበቀ ክዳን በተደጋጋሚ ያጋጥመኛል።

አንዳንድ ቤት ወፍና አይጥ እንዳይገባ ተብሎ አፉ ላይ ወንፊት ይደረጋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። ብናኙ ወንፊቱ ላይ ይጋገርና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደፍነዋል። ወንፊት ካለ አንሱት። እንስሳ የሚከለክለው ደህና የሚዘጋ ክዳን ነው። የወፍ ጎጆ ካገኛችሁ ጎጆው ባዶ ከሆነ አውጡት። ጫጩት ካለበት እስኪበሩ ድረስ ማድረቂያውን አታስነሱ።

አፉ ጣሪያ ላይ ከሆነ እኔ ራሴ ያለ ረዳትና ያለ ማሰሪያ አልወጣም። እናንተም አትውጡ።

ፊልተሩና አካባቢው

ፊልተሩን በየዙሩ ማጽዳት የማያውቅ የለም። የማያደርገው ግን ብዙ ነው። ልብስ ከመክተታችሁ በፊት ብናኙን ግፈፉ፤ ልማድ ይሁንባችሁ። ፊልተሩ የተቀደደ ከሆነ በቴፕ አትለጥፉት፤ ቀይሩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ከልብስ ጋር የሚገቡት የማለስለሻ ጨርቆች ፊልተሩ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋሉ። በዓይን አይታይም። ፊልተሩን ከቧንቧ ሥር ያዙትና ውሃ ልቀቁበት። ውሃው ሳይቸገር ካለፈ ደህና ነው። ላዩ ላይ ካቆረ አየርም እንደዚያው ተቸግሯል። በሞቀ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እሹት፣ አድርቁና መልሱት። ፊልተሩ የሚገባበትን ጉድጓድም በቀጭን ብሩሽና በቫኪዩም አጽዱ። ከፊልተሩ ያመለጠው የሚወድቀው እዚያ ነው።

በበርሜሉ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሁለት የብረት ዘንጎች ካያችሁ እርጥበት የሚለኩ ናቸው። ያው የማለስለሻ ሽፋን እነሱንም ያታልላቸዋል፤ ማሽኑ ልብሱ ሳይደርቅ "ደርቋል" ብሎ ይቆማል። በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጓቸው።

መልሶ መግጠም

አጭሩ ቱቦ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን። "ለኋላ ይጠቅማል" ተብሎ ረዝሞ የተተወ ቱቦ ማሽኑ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ይቆለመማል ወይም ይጨፈለቃል። ሲፈታ ንጹሕ ነበር፣ ሲገፋ ግን ታፈነ። ስለዚህ ማሽኑን ስትገፉ ከጎን በባትሪ እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፤ ቱቦው ክብነቱን ሳያጣ የሚቀመጥበትን ክፍተት ተዉለት።

ቱቦውን በፋሸታ እሰሩ። መጋጠሚያዎችን በአሉሚኒየም ቴፕ ጠቅልሉ። ግራጫው የጨርቅ ፕላስተር ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያደርቀውና ይላቀቃል። ብሎንም አትምቱበት። ወደ ውስጥ የዘለቀ የብሎን ጫፍ ያለፈውን ቃጫ ሁሉ እየጠለፈ ያስቀራል። ቅድም ዘንጋችሁን የያዘው ነገር ካለ፣ በእጅ የሚደረስበት ከሆነ ያንን ብሎን አውጡና በቴፕ ተኩት። የላሜራ ቱቦዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገቡ ጠባቡ ጫፍ አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ያኔ ከውስጥ ብናኝ የሚያቆም ጠርዝ አይኖርም።

ስለ ርዝመትም ትንሽ። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት የግንባታ ደንብ ለግድግዳ ውስጥ ቱቦ የተለመደው ከፍተኛ ርዝመት 10.7 ሜትር ነው። እያንዳንዱ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ እስከ 1.5 ሜትር ይቀንስበታል። ሦስት መታጠፊያ ካለ 6.2 ሜትር ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ማሽኑን ከግድግዳው የሚያገናኘው ቱቦ ደግሞ ከ2.4 ሜትር አይበልጥም፣ ግድግዳ ውስጥም አይቀበርም። የማሽናችሁ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ተከተሉ። እነዚህን የጠቀስኩት ለግንዛቤ ያህል ነው፦ መታጠፊያ ርካሽ አይደለም።

አየሩ የግድ ወደ ውጪ ይውጣ። ኮርኒስ ውስጥ መልቀቅ፣ ከወጥ ቤት ወይም ከመታጠቢያ ቤት የአየር ማስወጫ ጋር ማዳቀል አይሆንም። ሻጋታና ብናኝ ታጠራቅማላችሁ። አየሩን እዚያው ቤት ውስጥ፣ ውሃ ወዳለበት ባልዲ የሚለቅ መሣሪያም ይሸጣል። አልመክረውም። ለጋዝ ማድረቂያ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ።

ጋዝ ከሆነ ቫልቩን ክፈቱ፣ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ አረፋ እንደማይሠራ እዩ። መሰኪያውን መልሱ፣ ማሽኑን ባዶውን ለጥቂት ደቂቃ አስነሱ፣ ውጪ ወጥታችሁ ክዳኑን እዩ። መጀመሪያ ላይ የተረፈ ብናኝ ቢበትን አትደንግጡ። ወዲያው ይጠራል።

በስንት ጊዜው

በዓመት አንዴ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ውሻና ድመት ያለበት፣ ቤተሰቡ የበዛ፣ ወይም ቱቦው ረዥምና ጠመዝማዛ የሆነ ቤት በስድስት ወር ይሁን። ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ግን የማድረቂያ ጊዜውን እመኑ። ከጽዳቱ ማግስት አንድ ሙሉ የፎጣ ዙር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማሽኑ ጎን ለጥፉት። ያ ቁጥር ሲረዝም ጊዜው ደርሷል።

ጽዳት የማያድናቸው ነገሮች

ዘይት የነካው ጨርቅ ማድረቂያ ውስጥ አይግባ። የምግብ ዘይት፣ የማሻሻ ዘይት፣ ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛ፣ ሁሉም። ስለ ምግብና ማሻሻ ዘይት ብዙ ሰው አያምነኝም። "ታጥቧል እኮ!" ይላል። አንድ እጥበት ዘይቱን ሁሉ አያስለቅቅም። የቀረው ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሃድ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ገና ግሎ ተቆልሎ ከተቀመጠ ያ ሙቀት መውጫ አያገኝም። ማሽኑ ከቆመ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ሊነሳ ይችላል። የማሳጅና የወጥ ቤት ፎጣዎችን በገመድ ላይ አስጡ። ለሌላውም ልብስ የማቀዝቀዣውን ዙር አታቋርጡ፤ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ስፖንጅና ላስቲክ ያለባቸው ነገሮችም አይግቡ።

ተኝታችሁ ወይም ከቤት ወጥታችሁ ማድረቂያ አታስነሱ። እሳት ከተነሳ በሩን አትክፈቱት። በሩ ሲከፈት እሳቱ የሚፈልገውን አየር ያገኛል። ማሽኑን ማጥፋት ወይም ብሬከሩን ማውረድ በመንገዳችሁ ላይ ከሆነ አውርዱ፤ ካልሆነ ተዉት። ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡና ለእሳት አደጋ ደውሉ።

ባለሙያ መጥራት መቼ

ቱቦው ጣሪያ ላይ ከወጣ፣ ብሩሹ ከማያልፍበት ቦታ ከደረሰ፣ ግድግዳ ውስጥ የተላቀቀ መስሎ ከታያችሁ፣ ወይም የጋዝ መስመር መፈታት ካለበት ባለሙያ ጥሩ። አፓርታማ ውስጥ ሆኖ ቱቦው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነም አትንኩት፤ ለሕንፃው አስተዳደር አመልክቱ።

የመጣው ሰው ግን ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን አጭር ቱቦ ብቻ አራግፎ እንዳይሄድ። ሙሉውን መስመር እስከ ውጪው አፍ ድረስ እንደሚጠርግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን አስነስቶ ውጪ ያለው ክዳን ሲከፈት እንዲያሳያችሁ አድርጉ።